ጋቢዬን የለበሰው ዓሣ

እኛ ቤት መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የእኔ ጤና አይደለም፤ «ዓሣው በረደው እንዴ?» ነው የሚባለው። እኔ ሶፋው ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ የደም ግፊት ኪኒኔን በዳበሳ ስፈልግ፣ ቤተሰቡ በሙሉ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ ዓሣው መስታወት ይሮጣል። ቴርሞሜትር ይነበባል፤ ከንፈር ይመጠጣል። ከዚያ ምራቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ ትመጣና «አባባ፣ ጋቢዎን ለአንድ አፍታ ይስጡኝማ» ትለኛለች። ለአንድ አፍታ የተባለውን ጋቢ መስታወቱ ተከናንቦት ያድራል። እኔ ፎጣ እደርባለሁ።

ልብ በሉ፤ የምናገረው ከጣቴ ብዙም ስለማይረዝም ዓሣ ነው። ድዋርፍ ጉራሚ ይሉታል። ቢበላ ቢጠጣ ከ8 ወይም ከ9 ሳንቲሜትር አያልፍም። አይጠበስ፣ ለጉላሽ አይሆን፣ ለሾርባ እንኳ አይበቃ። በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ከሰባ ዓመት ሽማግሌ በላይ ይከበራል።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የልጅ ልጄ ፈተና አለፈና ሽልማት ተብሎ ሁለት ዓሣ በላስቲክ አንጠልጥሎ ገባ። ሁለት ዓሣ ምን ያደርጋል ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ ፊልተር መጣ። ፊልተሩን ተከትሎ ማሞቂያ፣ ማሞቂያውን ተከትሎ አምፖል፣ አምፖሉን ተከትሎ መክደኛ ገባ። ከዚያ 80 ሊትር የሚይዝ መስታወት በሁለት ጎረምሳ ትከሻ ደረጃውን ወጣ። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመርበት መቶ ኪሎ ይጠጋል። ቡፌው አይችለውም ተባለና ብረት መቆሚያ አስበየድን። ቴሌቪዥኑ ከቦታው ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔም ዜና የማየው አንገቴን ወደ ጣሪያ አንጋጥጬ ሆነ። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ነው፤ ከውጭ የሚመጣ አንዲት የማሞቂያ ዘንግ የምታወጣውን ገንዘብ ስሰማ፣ ስንት የበዓል በግ እንዳለፈን በልቤ ቆጠርኩ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ቢባልም፣ ቤቴን የወረሰው ፍጥረት የማን ዘር እንደሆነ ማጣራት መብቴ ነው። መነጽሬን አድርጌ ስለ ዓሣው የተጻፈ መጽሐፍ አነበብኩ፤ የልጅ ልጄንም አስነበብኩት። ያገኘሁት ነገር ይበልጥ አናደደኝ። ይኼ ዓሣ የቤተ መንግሥት ልጅ አይደለም! አገሩ ሕንድና ባንግላዴሽ፣ የጋንጀስና የብራህማፑትራ ወንዞች አካባቢ ነው፤ ሩዝ በሚዘራበት ማሳ፣ በቦይና በረግረግ ይኖራል። ሣር የወረሰውና ፀሐይ ያሞቀው የቆመ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የጉራሚ ወገን በሙሉ ከስንጥቡ በላይ፣ ራሱ ውስጥ፣ ጥምዝምዝ ያለ ሁለተኛ መተንፈሻ አለው፤ ላቢሪንት ይሉታል። ቁጭ ብላችሁ ብታዩት፣ ድምፅ ሳያሰማ ሽቅብ ይወጣል፤ አፉን ከውሃው በላይ ብቅ አድርጎ አንዲት ጉንጭ አየር ይጎነጫል፤ ቁልቁል ሲመለስ የተቃጠለው አየር በስንጥቡ በኩል ፊኛ ሆኖ ይወጣል። መስታወቱ እስከ አፉ ተሞልቶ ቢከደንበትና አየር ቢከለከል ይሰምጣል። ዓሣ ሆኖ ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ! እኔ ይኼን ሳልሰማ ብሞት ምን ይቀርብኝ ነበር?

እንግዲህ ነገሩን አስቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ስለሚወርድ፣ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጎልድፊሽ ገዝቶ በጎድጓዳ ሳህን የሚያስቀምጥ ሰው ዓሣው ሲያዛጋ አይቶ ሲጨነቅ የሚውለው አንድም በዚህ ነው። ጉራሚን ግን ከፍታችን አያስጨንቀውም፤ ያነሰውን ከላይ ይሞላል።

ውሃውም እንደዚያው ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ፣ ሲመጣም ሌሊት እንደሚመጣ፣ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ደግሞ ጉልበት እንደሚያጥረው የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ በርሜሉ፣ ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ የጨቅላው መታጠቢያ ሳይቀር ይሞላል፤ ውሃው አድሮ፣ ሰንብቶ ነው የምንጠቀምበት። ዓሣ ሻጩ ለልጅ ልጄ «የቧንቧ ውሃ እንደወረደ እንዳትጨምርበት፣ ክሎሪኑ ስንጥቡን ይፈጀዋል፤ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን አሳድረው» ብሎ ይመክረዋል። ስሙልኝ እንግዲህ! እኛ ውሃ የምናሳድረው ወደን ነው? ይኸው ሳናውቀው፣ ከችግራችን የተነሣ፣ ምስጉን የጉራሚ አርቢዎች ሆነን ቁጭ አልን። በየሳምንቱ ከመስታወቱ ሩብ ያህሉ ይቀየራል፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ፣ 20 ሊትር። እኔ በዚያው ሳምንት ገላዬን የምለቃለቀው በአንድ ጆግ ነው። ከመስታወቱ የወጣው ውሃ ደግሞ በረንዳ ላይ ላለው ለባለቤቴ ጤና አዳምና በሶብላ ይሰጣል፤ የዓሣ ኩስ ያለበት ውሃ ነውና በሶብላው ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቷል። እኔ ብቻ ነኝ ከዚህ ውሃ ያላተረፍኩ።

ቂሜም ይኼ ነው። ይኼ ዓሣ በተፈጥሮው የችግረኛ ዓሣ ነው። የእኛን ቀጭን አየር ይችላል፤ የእኛን አዳሪ ውሃ ይወዳል። ከእኛ የሚፈልገው ነገር ቢኖር ሙቀት ብቻ ነው። ጠባዩን ጠይቆ የያዘው ሰው ቤቱን ሳይበትን ሊያኖረው ይችላል። የእኛ ሰው ግን ጠባይ አይጠይቅም፤ ቀለም ያይና ይገዛል፤ ከዚያ ያልጠየቀውን ጠባይ በገንዘብ ሊያካክስ ይሯሯጣል።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ጉራሚ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደጁ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ የኮንዶሚኒየም ብሎኬት ደግሞ የጠጣውን ብርድ ወደ ውስጥ ሲተፋው፣ አንድ ባለ 100 ዋት ማሞቂያ እፎይ ሳይል ያድራል። የመብራት ካርድ የሚሞላው በማን ጡረታ እንደሆነ አልናገርም። መብራት ከጠፋማ በሃይላንድ ፍል ውሃ ተሞልቶ መስታወቱ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ ዙሪያውን ጋቢ ይጠመጠማል፤ ፊልተሩ ይቆማል፤ ጸሎት ይጀመራል።

ከሁሉም ያንገበገበኝ የመስኮቱ ነገር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» ባልኩ ቁጥር ወጣቱ ሳቀብኝ። ንፋስ አያሳምምም፣ በሽታ የሚያመጣው ጀርም ነው ተብሎ ተሰበከልኝ። አሁን እዩት እንግዲህ! ዓሣ አርቢዎች እንደሚሉት ጉራሚ የሚስበው ከውሃው በላይ ያለውን አየር ስለሆነ፣ ያ አየር ከውሃው በጣም ከቀዘቀዘ መተንፈሻውን ይጎዳዋል፤ ጫጩቶቹን በተለይ። መክደኛው የተገዛው ለዚህ ነው፤ በውሃውና በመክደኛው መካከል የታፈነ ሙቅ አየር እንዲኖር። ይኼ ከታወቀ ወዲህ ሳሎናችን ውስጥ መስኮት መክፈት ክልክል ነው። ሽሮው ቢጨስም፣ ዕጣኑ ቢያፍንም መስኮት አይከፈትም። «ዓሣው ብርድ ይመታዋል» ይሉኛል፣ ያንኑ ሲስቁብኝ የኖሩ አፎች! እኔን የመታኝ ብርድ ጉንፋን ተባለ፤ ዓሣውን የሚመታው ብርድ ሳይንስ ሆነ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። ልጁ ያመጣቸው ሁለቱም ወንዶች ነበሩ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከድዋርፍ ጉራሚ ቀይና ሰማያዊ ጥለት የለበሰው ወንዱ ነው፤ ሴቷ ብርማ፣ ፈዘዝ ያለች ናት። ሰው ቀለም ስለሚወድ መደርደሪያው ፊት የሚሰለፈው ወንድ ነው። ሁለት ወንድ ጉራሚ በ80 ሊትር ውሃ ማለት ደግሞ ሁለት አባወራ በአንድ ስቱዲዮ ማለት ነው። አንደኛው ሌላውን ማሞቂያው ሥር አስገብቶ ቀንና ሌሊት ጠበቀው፤ ክንፉ ተተለተለ። እኔ ስንት የተጣላ ባልና ሚስት፣ ስንት የድንበር ሙግት በሽምግልና የፈታሁ ሰው፣ ወንበር ስቤ መስታወቱ ፊት ተቀምጬ ምንም ማድረግ አቃተኝ። መላው ሌላ ነበር፦ አንዱን ወንድ መልሶ በምትኩ ሁለት ሴቶች ማምጣት፣ ከላይ የሚንሳፈፍ ቅጠል መጨመር፣ የፊልተሩን ግፊት መቀነስ። የረግረግ ልጅ ወራጅ ውሃ አይወድም፤ መደበቂያ ይወዳል።

ሴቶቹ በመጡ በጥቂት ቀን ውስጥ ወንዱ ሥራ ጀመረ። አየር እየጎነጨ፣ በአፉ ፈሳሽ እየለወሰ፣ ትንንሽ አረፋ ከቅጠሉ ሥር ይደረድራል፤ ከተክሉ ብጣሽ እየቆረጠ በመሐል ይሰካል። በማግሥቱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል፣ ከውሃው በላይ ከፍ ያለ የአረፋ ቤት ቆሞ አደረ። አንዲቱን ሴት ጠርቶ ከሥሩ አቀፋት፤ እንቁላሉ ራሱ ተንሳፍፎ ወደ አረፋው ወጣ። ያመለጠውን በአፉ እየለቀመ መለሰ። ከዚያ ሴቷን አባረራትና ብቻውን ዘብ ቆመ። ቀን ተኩል ሳይሞላ እንቁላሉ ተፈለፈለ።

ባለቤቴ ሻይዋን ይዛ ይኼን ሁሉ ስታይ ቆየችና «አየህ አንተ ሰውዬ፣ በአንድ ሌሊት ቤት ሠራ» አለችኝ። እኔ በ1997 ተመዝግቤ ቁጠባ ስቆጥብ፣ ዕጣ በወጣ ቁጥር ጋዜጣ ስገልጥ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ቁልፍ የተረከብኩ ሰው ነኝ። ይኼ ሳይመዘገብ፣ ቅድሚያ ሳይከፍል፣ ዕጣ ሳይወጣለት ቤት ሠራ፤ አዎ። «ልጆቹንም ራሱ ይጠብቃል» ብላ ጨመረችልኝ። እኔ ግን የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቤ ስለነበር ታግሼ ጠበቅሁ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሁለት ሦስት ቀን ራሳቸውን ችለው መዋኘት ሲጀምሩ ወንዱ ከዚያ ካልወጣ ልጆቹን ለቃቅሞ ሊበላቸው ይችላል። ይኼን አሳየኋት። «እኔ እንግዲህ ቤት በመሥራት ብዘገይም ከስድስቱ አንዱንም አልበላሁም» አልኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዓሣው አባትነት በቤታችን አይነሣም።

መመገቡ ሌላው ጣጣ ነው። የዚህ ዓሣ ሆድ ትንሽ ነው፤ በሁለት በሦስት ደቂቃ ከሚጨርሰው በላይ ከተሰጠው ትርፉ ከሥር ይበሰብስና ውሃው አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያውን የሚያጣሩት ፊልተሩ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ተራብተው እስኪጠነክሩ ሳምንታት ይፈጃሉ። ይኼንን ለአበሻ እንግዳ አስረዱልኝ! ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ አንዷ ዳቦ ትፈረፍርለታለች፣ ሌላዋ ከፈንዲሻው ትጨምርለታለች፣ ሦስተኛዋ «ምነው ከሳ?» ብላ እንጀራ ትቆርስለታለች። «ተዪ፣ አይሆንም» ስል ስስታም ተባልኩ። በሞቴ ተብሎ የጎረሰ ዓሣ በእውነት ይሞታል። የበዓል ዋዜማ ደግሞ አለላችሁ፤ ቤቱ ሁሉ ሲፈተግ ፊልተሩም «ቆሽሿል» ተብሎ በበረኪና ይታሻል፤ ባክቴሪያው ያልቃል። እኔ ፊልተሩን በዋዜማ ትራሴ ሥር ደብቄ ነው የማድረው።

ነገሩ እኛ ቤት ብቻ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ተዛመተ። ከሥራችን ያሉት አዲስ ሙሽሮች ለመልሳቸው ጥንድ ኪሲንግ ጉራሚ ተሰጣቸው፤ ከንፈር ለከንፈር የሚገናኝ ዓሣ። ፍቅራቸውን እያዩ ይፋቀሩ ተብሎ ነው። አፌን ይዤ ነው የተውኩት እንጂ፣ ያ መሳሳም አይደለም፤ ጉልበት መፈታተን ነው፣ ማን ይገፋል ማን ይገፋል የሚባል ጠብ። ደግሞም ያ ዓሣ አድጎ 30 ሳንቲሜትር ይደርሳል፤ የሙሽሮቹ ሳህን ግን የሰላጣ ሳህን ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባለ ሦስት ነጥብ ጉራሚ ገዙ። ሄጄ ቆጠርኩ፤ ጎኑ ላይ ያለው ነጥብ ሁለት ነው። «ሦስተኛው የት አለ?» ብል፣ «ዓይኑ ነው፣ ጋሼ» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራ ሰው የዕድር ገንዘብ ያዥ እንዳይሆን ከአሁኑ አስጠንቅቄያለሁ። ይኼኛው 15 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ጠበኛም ነው። ሰው ከጠየቀኝስ ፐርል ጉራሚን እመክራለሁ፤ የማሌዢያና የኢንዶኔዢያ ልጅ ነው፣ ገላው ላይ ዕንቁ የተበተነበት ይመስላል፤ ቁመቱ 12 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ ሰፊ ቤት ይፈልጋል እንጂ ጨዋ ነው። ቤቱ ለጠበበ ሃኒ ጉራሚ አለ፤ 5 ሳንቲሜትር፣ ማር የመሰለ፣ ሰው የማያስቀይም። ድዋርፍ ጉራሚ የሚገዛ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ከእስያ እርባታዎች በሚመጡት ላይ መድኃኒት የሌለው የኢሪዶ ቫይረስ በሽታ ይገኛል፤ የፈዘዘ፣ ሆዱ የተነፋ፣ ቁስል ያለበት ከሆነ በነጻ ቢሰጡትም አይውሰድ።

ለእኔ ለራሴ ቢሆን የምመርጠው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው ፓራዳይዝ ፊሽ፣ የጉራሚ ዘመድ፣ የቻይና ልጅ። ፒየር ካርቦኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ በአውሮፓውያን 1869 ፓሪስ ውስጥ ያራባው እሱ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባረፉ በዓመቱ መሆኑ ነው። ይኼ ዓሣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚችል ማሞቂያ በሌለበት ክፍል ይኖራል። ለአራብሳ የተፈጠረ ነው፤ ጋቢ አይነካም። ጠበኛ ነው ይሉታል፤ ይሁን፣ እኔም ነኝ። ሁለተኛው ጃያንት ጉራሚ ነው፤ 70 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ጃቫ ውስጥ ያረቡታል፣ ይጠብሱታል፣ ይበሉታል። ይኼን የሰማሁ ዕለት ከዚህ ወገን ሁሉ አንድ ቁም ነገረኛ ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ። የልጅ ልጄ ለሦስት ቀን አኮረፈኝ።

እሱን አስቀምጬ የጠየቅሁት ግን ሌላ ነው። «አየር የሚስብ ዓሣ ካማረህ፣ የገዛ አገርህ አምባዛ ምን አደረገህ?» አልኩት። አምባዛም ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ መተንፈሻ አለው፤ ውሃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ ከጣና እስከ ዝዋይ አለ፤ ማሞቂያ ይገዛልኝ ብሎ አያውቅም። ጋምቤላ፣ ባሮ ውስጥ ደግሞ ቴኖፖማ የሚባል የጉራሚ የሩቅ ዘመድ አለ። ጣና ውስጥ ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም የትም የማይገኙ 15 ያህል የላቤኦባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ይዋኛሉ፤ የእኛና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ዓመታት የፈጀ ጥናት አድርገውባቸዋል፤ ሰበታ ላይም ብሔራዊ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለልን። ልጁ የቦርኒዮን ረግረግ በካርታ ላይ ያሳየኛል፤ ባሮ በየት በኩል እንደሚፈስ ግን እኔን ነው የጠየቀኝ። ይመዝገብልኝ።

አሁን ደግሞ አዲስ መከራ መጥቷል። ይኼን ሁሉ እያማረርኩ በማንበቤ፣ የብሎኩ የዓሣ ሐኪም ሆኜ ተሹሜያለሁ። ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩበት ሙያ ተረስቶ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር «ጋሼ የዓሣው» ተብዬ እጠራለሁ። ሌሊት ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ ዓሣዬ ከላይ ከላይ እያለ አፉን ይከፍታል፣ እየሞተ ነው መሰለኝ!» «አየር እየወሰደ ነው ልጄ፤ ተኚ።» «ጋሼ፣ አረፋ ደፍቋል!» «ቤት እየሠራ ነው፤ ተዉት።» «ጋሼ፣ ሌላ ወንድ ልጨምርለት? ብቻውን ከፍቶታል።» ለዚህኛው የመለስኩለት እዚህ አይጻፍም።

ስለዚህ ለመላው የለሚ ኩራ ጉራሚ ያዥ ማስታወቂያ አለኝ። አንድ ወንድ ከሁለት ሴት ጋር፤ ከ60 ሊትር ያላነሰ ውሃ፤ ያደረ ውሃ እንጂ ከቧንቧ እንደወረደ አይሁን፤ መክደኛ፤ የሚንሳፈፍ ቅጠል፤ ጥቂት ምግብ፤ እንግዳ ከመስታወቱ አንድ ክንድ ይራቅ። ይኼን ያደረገ አይደውልልኝ። ይኼን ሳያደርግ የደወለ ግን ከአሁን ጀምሮ ይከፍላል፤ የምክር ዋጋው አንድ የዝዋይ ቆሮሶ ነው፣ በደንብ የተጠበሰ፣ ከነአዋዜው። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ ለሚደወል ሁለት ቆሮሶ ይታሰባል። በሁዳዴ የተሰጠ ምክር በደብተር ይያዝና ለፋሲካ ይወራረዳል።